ሰባቱ የተቆለፉ ደብዳቤዎች

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ከመድኃኒት ቤቱ ወጥታ መንገዱን ስታቋርጥ ሲያያት፣ ሐኪሙ ደስ ሊለው ሲገባ ሥራ የያዘ መስሎ አንገቱን ደፋ።

ሐኪም መባሉ ለወጉ ነው እንጂ ስልክ ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ስር የተወሸቀች ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚያወራው። አጉሊ መነጽር የተገጠመለት መብራት ስር ጎንበስ ብሎ ሲውል ያየው የሰፈሩ ሰው «የስልክ ሐኪም» አለው፤ ቀስ በቀስ «የስልክ» የሚለው ወደቀና «ሐኪሙ» ብቻ ቀረ። እሷ ደግሞ የእውነቷን ፋርማሲስት ናት። ነጭ ጋወን ለብሳ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሰፊ መድኃኒት ቤት ትውላለች፤ መድኃኒት ቤቱም፣ መድኃኒት ቤቱ ያለበት ሕንጻም የአባቷ ነው። «አንተ ሐኪም ትባላለህ፣ መድኃኒቱን የምሸጠው ግን እኔ ነኝ» እያለች ስታሾፍበት አራት ወር ሆኗታል።

አባቷ በመድኃኒት ቤቱ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚገባ የሚወጣውን ስለሚያዩ፣ ሐኪሙ አንድም ቀን ያንን በር አልፎ አያውቅም። ራሱን ሲያመው እንኳ ሁለት ፌርማታ ሄዶ ነው ኪኒን የሚገዛው። የሚተያዩት በመስታወት ነው። እሷ መደርደሪያ ስታስተካክል ቀና ትላለች፣ እሱ ብሎን ሲፈታ ቀና ይላል፣ ዓይን ለዓይን ይጋጠማሉ፣ ከዚያ አንድ ሳል የያዘው ደንበኛ መሀላቸው ይገባና ነገሩን ያበላሸዋል። ማምሻ ላይ ሥራ ሲለቁ ደግሞ እስከ ታክሲው ድረስ አብረው ይሄዳሉ፤ እሷ በመንገዱ አንድ ጠርዝ እሱ በሌላው፣ እንደማይተዋወቅ ሰው፣ ጥግ እስኪዞሩ።

የተዋወቁት በፓስወርድ ምክንያት ነው ቢባል ማን ያምናል? እሷ መድኃኒት የምታዝዝባቸው አቅራቢዎች አሥራ አንድ ናቸው፤ አንዱ ረጅም ፓስወርድ ይፈልጋል፣ ሌላው በየወሩ ቀይሪ ይላል። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ ቆልፎ የሚይዝ አፕ ስልኳ ላይ ጭና፣ አንድ ዋና ፓስወርድ ብቻ በቃሏ ይዛ ትኖር ነበር፤ የቀረውን አፑ ራሱ ይሞላላታል። አንድ ቀን አልሞላም ብሎ እምቢ አላትና፣ ሰልፍ በያዘ ደንበኛ ፊት ሃያ ፊደል አንድ በአንድ ስትለቅም ላብ በላብ ሆነች። የዚያን ዕለት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱን ያቋረጠችው። ሐኪሙ አፑን ራሷ ከፍታ እንድትሰጠው ጠየቃትና ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ለግድግዳው ሰጠ። ምን እየሠሩ ነው ብላ ጠየቀችው፤ ያኔ ገና አንቱታ ላይ ነበሩ። የሰው ፓስወርድ ሲጻፍ አላይም አላት። የሱቁ ሕግ ነው፤ ለሽማግሌውም ለተማሪውም ያው ነው። ሳቀች። ከዚያ ሳቅ በኋላ ሐኪሙ ሰው አልሆነም።

ዛሬ ግን ሳቅ በፊቷ ላይ አልነበረም። ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ያው በሽታ እንደተመለሰ ነገረችው፤ የፓስወርዱ ቦታ ባዶውን ቁጭ ይላል፣ አፑ ብቅ አይልም። ሐኪሙ ቅንብሮቹን ከፈተ። የስልኩ ዝማኔ በሌሊት ገብቶ ፓስወርድ የመሙላቱን ሥራ ከእሷ አፕ ነጥቆ ከስልኩ ጋር ለመጣው ሌላ የፓስወርድ መያዣ ሰጥቶታል፤ ባትሪ ቆጣቢው ደግሞ አፑን ከጀርባ እያፈነ ይገድለዋል። አንዱን መለሰ፣ ሌላውን ከለከለ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ስልኩን ሊመልስላት እጁን ሲዘረጋ እሷ አልተቀበለችውም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሳትደብቅ ንገረኝ» አለችው። «ይሄ ምስጠራ የሚሉት ነገር ይሰበራል?»

ሐኪሙ አስረዳት። አፑ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ በእሷ ዋና ፓስወርድ ተፈጭቶ እንደሚቀመጥ፣ አፑን የሠራው ድርጅት እንኳ ቢያየው ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ብቻ እንደሚያገኝ፣ ሌባ የድርጅቱን ኮምፒውተር ተሸክሞ ቢሄድ ባዶ እጁን እንደሄደ እንደሚቆጠር ነገራት። ማንበብ የሚችለው ዋናውን ፓስወርድ የሚያውቅ ነው፤ አለበለዚያም አፑ ተከፍቶ እያለ ስልኩን በእጁ ያገኘ። ሁሉም እውነት ነበር። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን አጥርቶ አስረድቶ አያውቅም።

«ስለዚህ ከውጭ የገባ የለም።»

«የለም።»

«እሷ ናት ማለት ነው» አለች። «እህቴ ናት።»

ከዚያ እንደ ቆመች ነገረችው። አፑ ውስጥ ፓስወርድ ብቻ ሳይሆን ማስታወሻም ይቀመጣል። እሷ የጻፈቻቸው፣ ለማንም ያልላከቻቸው ነገሮች እዚያ ነበሩ፤ ይህን ስትል ቀላች፣ ለማን እንደተጻፉ ግን አልተናገረችም። ቤታቸው ውስጥ ስልክ የግል አይደለም፤ የጮኸውን ሁሉ እናቷ ያነሳሉ፣ ስክሪኑ ላይ ብቅ ያለውን ሁሉ ያነባሉ። ቁልፍ ያለው ቦታዋ እሱ አፕ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ስትከፍተው በቅርብ የታዩ ማስታወሻዎች በሚለው ዝርዝር ውስጥ ሰባቱ ማስታወሻዎች ተደርድረው አገኘች። እሷ የመጨረሻዋን ብቻ ነው የምትከፍተው፤ እነዚህ ግን ከአንድ እስከ ሰባት በተራ ተከፍተዋል። ሰው ተቀምጦ ነው ያነበበው። አፑም የጣት አሻራ ሳይጠይቅ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ እሷ የጥገናው አካል መስሏት ዝም ብላ ነበር። የስልኳን መክፈቻ ከእሷ ሌላ የምታውቀው ታናሽ እህቷ ብቻ ናት። በዚያ ላይ ልጅቷ አንድ ቀን «ሐኪምሽ ዛሬ ፀጉሩን ተቆርጧል» ብላ አሹፋባታለች። ሐኪም የሚለውን ከየት አመጣችው?

ሐኪሙ መላው ሰፈር ሐኪም እንደሚለው ሊያስታውሳት ፈለገ፤ በምትኩ የስልኩን መስታወት በጨርቅ ወለወለ።

«ዓርብ ትሄዳለች» አለች። «ሁለት ዓመት ሌላ ከተማ ልትማር ነው። አልሸኛትም። ስምንት ቀን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ እያደርን ቃል አልወጣኝም፤ ፊትሽን ማየት አልፈልግም ብያታለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይገባኛል። አንተን እንኳ አንድ ደቂቃ አስቤ ነበር፣ ስልኩን ትቼልህ ስለማውቅ። ከዚያ በራሴ አፈርኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ሰው ይጠረጠራል?»

ሐኪሙ መልስ የሰጠው ለስልኩ ነው። የደህንነት ገጹን ከፈተ። በራሱ የሚቆለፍበት ጊዜ በሚለው ቦታ «ፈጽሞ» የሚል ተመርጧል። ወደ አንድ ደቂቃ መለሰው። እንዳይቆለፍ ሆኖ ነበር አሁን ተስተካክሏል አላት፤ ማን እንዳይቆለፍ እንዳደረገው ሳይነግራት። አመሰገነችው። መንገዱን ተመልሳ ስታቋርጥ ትከሻዋ ወርዶ ነበር፤ ሐኪሙ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

አንባቢዬ ቀድሞ ደርሶበታል። ያነበበው እሱ ነው።

ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። አፑ ሌላው ቦታ ሁሉ እየሞላ በአንዱ አቅራቢ አፕ ላይ ብቻ አልሞላም አለና፣ ሐኪሙ ስልኩን ለአንድ ሰዓት እንድትተውለት ጠየቃት። ዋናውን ፓስወርድ ስትጽፍ እንደ ልማዱ ፊቱን አዞረ። ደንበኛ እየጠበቃት ስለነበር ሮጣ ሄደች። በሞከረ ቁጥር አፑ እየተቆለፈ ሲያስቸግረው ለጊዜው እንዳይቆለፍ አደረገው። ከዚያ የተመዘገበውን አድራሻ ከአቅራቢው አፕ ጋር ሊያመሳክር ዝርዝሩን ወደ ታች ገፋ። ከአሥራ አንዱ አቅራቢዎች ስር «ለሐኪሙ፣ ያልተላከ» የሚል ሰባት ጊዜ ተጽፏል።

ይቆጠርለት እንደሆነ እንጃ፣ ስልኩን አንዴ በፊቱ ደፍቶት ነበር። ተነስቶ ውሃ ጠጣ። በሩ ላይ ቆሞ ማዶ ተመለከተ፤ ጀርባዋን ሰጥታ ከላይኛው መደርደሪያ የሆነ ነገር እያወረደች ነበር። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና ሰባቱንም አነበበ፣ ከአንድ እስከ ሰባት፣ በተራ። ሕጉ የሚጻፍ ፓስወርድ እንዳያይ ነበር የሚከለክለው፤ የተጻፈ ደብዳቤ ላይ ምንም አይልም ብሎ ራሱን አታለለ። ሲያነብ ልቡ እንደ ልጅ ትዘል ነበር። ሲጨርስ ግን የሠራውን አይቶ ደነገጠና አፑን በችኮላ ዘጋው፤ የሚቆለፍበትን ጊዜ መመለሱንም የረሳው ለዚህ ነው።

ከሁሉም አራተኛዋ ነች ያጠመደችው። ስለ ሞተው ታላቅ ወንድሟ የጻፈችው ነው። የሞተበት ቀን ሲደርስ በየዓመቱ ጠዋት ብቻዋን ሕይወቱ ወዳለፈበት ድልድይ እንደምትሄድ ጽፋለች። «ሁሉም አይዞሽ ይለኛል። አይዞሽ ሲሉኝ ዝም በይ ያሉኝ ይመስለኛል። አንድ ሰው ሥራውን ትቶ አጠገቤ ቢቀመጥና ምንም ባይለኝ፣ ያን ሰው ዕድሜ ልኬን አምነዋለሁ።» ቀኑም ተጽፏል።

ቀኑ በሳምንቱ ደረሰ። ሐኪሙ ሱቁን ዘግቶ ሄደ፣ ከድልድዩ አጠገብ ካለው ግንብ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ትንፍሽ አላለም። «ማን ነገረህ?» ስትለው «ማንም» አላት። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ትከሻው ላይ ያሳረፈችው። ሌላ ወንድ ቢሆን ያንን ትከሻ ሲዳብስ ይኖር ነበር። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ጎን መተኛት አቃተው።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ገና ሳይቀመጥ ታናሽ እህቷ መጣች። ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይቷት አያውቅም፤ ዓይኗ የእህቷ ዓይን ነው፣ ለቅሶ አብጦታል እንጂ። ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ምን ሆነ ሲላት ምንም አልሆነም አለችው። የመጣችው ለሌላ ጉዳይ ነው። እህቷ በጠጋኙ እንደምትምል ታውቃለች፤ ስልክ ላይ የሆነን ነገር እሱ እንዲህ ነው ካለ እህቷ ሌላ ሰው አትሰማም። ስለዚህ እሷ አለማንበቧን የሚያሳይ መላ ካለ እንዲፈልግላት መጣች።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው አልነካሁትም» አለችው። «ስልኳን ብነካ ፊልም ለማየት ነው። እናታችን ምን ሆናችኋል ትለናለች፣ ምንም እንላለን። ነገ ስድስት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ነኝ። ወንድማችንም ጠዋት ተኳርፈን ነው የወጣው፤ ከዚያ አልተመለሰም። እንደዚያ ሆኜ መሄድ አልፈልግም። ስልኩ ማን እንደከፈተው አይናገርም?»

ሐኪሙ ስልክ የተከፈተበትን ሰዓት እንጂ የከፈተውን እጅ እንደማያውቅ ነገራት። ሰዓቱ ከታወቀማ ይበቃኛል፣ በዚያ ሰዓት የት እንደነበርኩ አስመሰክራለሁ አለችው። ሰዓቱ ቢወጣ ስልኩ የት እንደነበር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ እሱ፣ ሌላዋ ታላቅ እህቷ። አሁን፣ እዚሁ፣ ለዚህች ልጅ እኔ ነኝ ማለት ይችል ነበር። የሚያስፈልገው ሁለት ቃል ነው። እሱ ግን በምትካቸው ሌላ ተናገረ።

«ነገ ጠዋት እኔው አናግራታለሁ» አላት። «እንዳላነበብሽ አውቃለሁ።»

ልጅቷ እንዴት እንደሚያውቅ አልጠየቀችም። እንባዋን በእጅጌዋ ጠራርጋ መረቀችው። የወለዳቸው እንዲያኮሩት፣ የወደዳት እንድታከብረው መረቀችው። ሐኪሙ ምርቃቱን አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ሄዳም ቢሆን ድምጿ ከሱቁ አልወጣም፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ስልክ መጠገን አልቻለም።

ከሰዓት በኋላ ወረቀት አውጥቶ ለፋርማሲስቷ ደብዳቤ ሊጽፍ ሞከረ። የመጀመሪያው የጥገና ሪፖርት ሆነበት፤ አፑ ለምን አልሞላም እንዳለ ግማሽ ገጽ አትቷል። ቀደደው። ሁለተኛው ፍቅሩን እየዘረዘረ ጥፋቱን በስተመጨረሻ በአንድ መስመር ሸጎጠው። እሱንም ቀደደው። ሦስተኛው ላይ «ውዴ» ብሎ ጻፈና እዚያው ቆመ። ይህችን ሴት ውዴ ለማለት በምን መብት? በደብዳቤ ቢልክላት እሷ ብቻዋን ታነበዋለች፤ እሱ ፊቷን ማየት አይኖርበትም። ይህ ደግሞ ሌላ መደበቂያ እንደሆነ ገባው። የልቧን ሁሉ ያየባት ሴት ቢያንስ ፊቱን ልታይ ይገባታል። ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋና እንደ በሽተኛ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ።

ዓርብ አራት ሰዓት ሲሆን መንገዱን አቋረጠ። በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ነው ያቋረጠው። መሀል ላይ ቆም ሲል አንድ መኪና ጡሩንባ ነፋበት። የመድኃኒት ቤቱን በር ሲገፋ አባቷ ከጥግ ወንበራቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። ምን ፈልጎ እንደሆነ ጠየቁት፤ ፋርማሲስቷን ማማከር ፈልጌ ነው አለ። የሐኪም ማዘዣ ይዘሃል አሉት። አልያዝኩም አለ። ሽማግሌው ለማዘዣ የሚሆን ሰው አይደለህም በሚል ዓይን ከጫማው እስከ አናቱ ለኩት። እሷ ከመደርደሪያው ጀርባ ቀና ብላ ስታየው ደነገጠች፤ አባቷ ያሉበትን ቤት ደፍሮ መግባቱ ብቻ አንድ ነገር መሆኑን ነገራት። ሳል ነው አይደል፣ ሽሮፑ ከጓዳ ነው ብላ ወደ ዕቃ ክፍሉ መራችው። የአባቷን ዓይን ለመሸፈን የዋሸችው ውሸት ሐኪሙን አንጀቱን በላው፤ ለእሱ ብላ ነው የዋሸችው።

ዕቃ ክፍሉ ጠባብ ነው። ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ የክትባት ማቀዝቀዣው ጥግ ላይ ያጓራል። በሩ በደንብ ሳይገጥም ተናገረ፤ ቢቆይ እንደማይናገር ያውቅ ነበር።

«እህትሽ አይደለችም። ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

አልገባትም። ከካርቶን ውስጥ አንድ ጠርሙስ እንዳነሳች ቆማ ቀረች።

«ስልኩን አንድ ሰዓት ተዪልኝ ያልኩሽ ቀን ነው» አላት። «እንዳይቆለፍ ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ለሙከራ ነበር። ከዚያ የአቅራቢዎቹን ስም ሳይሆን የኔ ስም ያለበትን አየሁ። መዝጋት እችል ነበር፣ አልዘጋሁም። ማክሰኞ ስትጠይቂኝ መናገር ነበረብኝ። ትናንት እህትሽ ሱቅ ድረስ መጥታ ስታለቅስ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።»

ጠርሙሱን መልሳ አስቀመጠችው። ጽሑፉ ወደ ውጭ እንዲታይ አዞረችው። ቀጥሎ ያለውንም አዞረች፤ እጇ የለመደውን ይሠራል፣ እሷ ግን እዚያ አልነበረችም።

«ስንቱን?»

«ሰባቱንም።»

«አራተኛዋንም?»

«አራተኛዋንም።»

«ድልድዩ ጋ የመጣኸው አንብበህ ነው።»

«አዎ።»

«ማን ነገረህ ስልህ ማንም አልከኝ።»

«አዎ።»

አሁን ዞራ አየችው። ትጮኽብኛለች ብሎ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ነው፤ ለጩኸቱ ትከሻውን አደላድሎ ነበር። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ ነው ያደረገችው።

«ያን ቀን ቤት ገብቼ ለወንድሜ ፎቶ ነው የነገርኩት» አለች። «አገኘሁ አልኩት። ሳልነግረው የሚገባው ሰው አገኘሁ አልኩት። ለሞተ ሰው ውሸት አስወራኸኝ።»

እንባዋ ወረደ። ሐኪሙ ሊጠጋ አልደፈረም፣ ሊናገርም አልቻለም፤ እንደ ቆመ ዝም አለ። እሷ እንባዋን ሳትጠርግ ቀና አለች።

«አሁን ዝም ያልከው ከራስህ ነው ወይስ ከደብዳቤዬ?»

እውነቱን ለመናገር ሐኪሙም አያውቅም ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ የምትወደውን ብቻ ሲናገር፣ የምትጠላውን ሲያስቀር ኖሯል። አንዲት ሴት ስታለቅስ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው የድሮው ሰውዬ የት እንደገባ ጠፍቶበታል። ምናልባት አይዞሽ ይላት ነበር። ምናልባት ውሃ ያመጣላት ነበር። ምናልባትም ተርበትብቶ አንድ የማይረባ ነገር ተናግሮ ያስቃት ነበር፤ ያ እንኳ የራሱ በሆነ።

«አላውቅም» አላት። «የቱ የኔ እንደሆነ የቱ ካንቺ የሰረቅኩት እንደሆነ አሁን እኔም አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፣ ሳላነብ በፊት ነው የወደድኩሽ።»

«እሱን አሁን አትንገረኝ።»

«እሺ።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

አራት ተኩል እያለ ነው አላት። ጋወኗን ስታወልቅ አንዱ ቁልፍ እምቢ ብሎ ተያዘባት፤ ሐኪሙ እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው። በመጨረሻ ጎትታ አወጣችው። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ወደ እሱ ግን አልዞረችም።

«እኔስ ሞኝ ሆኜ ነው። አንተ ግን ፊትሽን ማየት አልፈልግም ማለቴን እዚያው ቆመህ ሰማኸኝ» አለች። «ሃያ ዓመት ያሳደግኳትን ልጅ።»

ወጣች። አባቷ ወዴት ነው ሲሏት መልስ እንኳ አልሰጠቻቸውም፤ በዚያ ቤት ይህ ሆኖ አያውቅም። ሐኪሙ ከዕቃ ክፍሉ ባዶ እጁን ሲወጣ ሽማግሌው ሽሮፑን አጣኸው ወይ ብለው ጠየቁት። አጣሁት አባቴ አላቸውና በሩን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ወጣ።

ሱቁ ተመልሶ ተቀመጠ። የተከፈተ ስልክ ፊት ለፊቱ አለ፤ የትኛው ብሎን የየት እንደሆነ ተምታታበት። መናገሩ ያቀለኛል ብሎ ነበር። ሰው ሲናዘዝ ይቀለዋል ሲባል ሰምቷል። እሱን ያልቀለለው ለምንድን ነው? ምናልባት የሸክሙ ግማሽ እሷ ላይ ስለዞረ ነው። አሁን ያን ቀን ስታስታውስ ድልድዩም ወንድሟም እሱም አንድ ላይ ተበላሽተው ነው የሚመጡባት። ይህን ማንም ጠጋኝ አይጠግነውም። እጁን መብራቱ ስር ዘርግቶ አየው፤ ስልኩን ደፍቶ መልሶ ያነሳው ያው እጅ ነው፣ ጠላው።

ስድስት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። እሷ ናት። ከጀርባዋ ሞተር ይንጫጫል፣ ሰው መንገድ ስጡ እያለ ይጮኻል። እያለከለከች ነበር፤ ሮጣለች።

«ደርሼባታለሁ» አለች። «ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ነው ያነሳችኝ። ማን እንዳነበበው ግን አልነገርኳትም። እሱን እኔ አልሠራልህም።»

ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰማ። ልጅቷ ሄሎ አለች፤ ድምጿ ውስጥ የእርቅ ደስታ አለ፣ ለምን እንደተሰጣት እንኳ አታውቅም። ሐኪሙ ብድግ አለ። በስልክ የሚያወራ ሰው ለምን እንደሚቆም ማንም አይነግራችሁም፤ እሱ ግን ይህን ተቀምጦ መናገር አልቻለም።

«ያነበብኩት እኔ ነኝ» አላት። «ትናንት ስትመጪም እኔ ነበርኩ። ፊትሽ ቆሜ ደበቅኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ግን ከኔ ስሚው።»

ልጅቷ ስትናገር ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለው ነበር።

«ትናንት መርቄዎት ነበር እኮ» አለች።

ሐኪሙ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። አውቃለሁ አላት። ምርቃቱን መመለስ ቢቻል እመልስልሽ ነበር ሊል አሰበና ተወው። ልጅቷ እህቴን እንዳያስለቅሷት አለችው፤ እንደ ተማጽኖም እንደ ዛቻም። ስልኩ ተመልሶ እጅ ለወጠ።

«አትዝጋ» አለች ፋርማሲስቷ።

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታርቀው አልቀረችም፣ እህትማማቾቹ ሲተቃቀፉ ልብሳቸው ሲፋተግ ይሰማል። አንዷ ሳቀች፣ አንዷ አለቀሰች፤ የቱ የማን እንደሆነ አልለየም። ደብዳቤ ጻፊልኝ ሲባባሉ ሰማ። በር ተዘጋ። አውቶቡሱ እያጓራ ርቆ ርቆ ጠፋ፣ ከዚያ የእሷ ትንፋሽ ብቻ ቀረ።

ልትሰድበው ይሆናል። ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም ልትለው ይሆናል። አብረን ወደ ቤት እንሂድ ልትለውም ይሆናል፤ ይህን ማሰቡ ራሱ አሳፈረው። አምስት ሳምንት ሙሉ በልቧ ያለውን ከእሷ ቀድሞ እያወቀ ሲያወራት የነበረ ሰው ዛሬ ምንም አያውቅም። ማንኛውም የወደደ ወንድ እንደሚጠብቀው፣ የሷን አፍ ይጠብቃል። እስከ ዛሬ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም፤ እንዲህም ወዷት አያውቅም።